የአሥራ ሦስተኛው ወረዳ ወንበር

ባራክ ኦባማ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ሲናገሩ፣ የሥልጣን ዘመናቸው ካበቃ በኋላ ወንበራቸውን የሙጥኝ የሚሉ መሪዎችን በግልጽ ወቅሰው ነበር። እሳቸው ራሳቸው ወንበር እንዴት እንደሚያዝ የተማሩት ዋይት ሐውስ ከመግባታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ከጃንዋሪ 1997 እስከ ኖቬምበር 2004 ድረስ (እነዚህም ሆኑ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢሊኖይ ግዛት ሴኔት አባል ነበሩ፤ የወከሉትም በቺካጎ ደቡባዊ ክፍል ያለውን 13ኛውን የምርጫ ወረዳ ነው። ስለ ኦባማ ሲወራ ይህ ዘመን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ለእኔ ግን የአሜሪካ ፖለቲከኛ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ ዘመን የተሻለ የሚያሳይ የለም፤ ዕጩ ማን እንደሚሆንና የወረዳውን መስመር ማን እንደሚያሰምር መራጩ ሳጥኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ተወስኖ ሲያልቅ ቁልጭ ብሎ ይታይበታልና።

በዋሽንግተን ካለው ኮንግረስ ሌላ ሃምሳዎቹም ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ አውጪ አካል አላቸው። ከነብራስካ በቀር ሁሉም ባለ ሁለት ምክር ቤት ናቸው። በኢሊኖይ 59 ሴናተሮችና 118 የታችኛው ምክር ቤት ተወካዮች አሉ፤ እያንዳንዱ የሴናተር ወረዳ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ተወካዮችን ይልካል። የሚሰበሰቡት ከቺካጎ 320 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በስፕሪንግፊልድ ነው። አሜሪካ የሚኖር ወገናችን መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስገባ ወይም የነርስነት ፈቃዱን ሲያሳድስ የሚገዛው ሕግ በአብዛኛው የሚወጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ምክር ቤት ነው። ብዙዎቻችን ግን በአራት ዓመት አንዴ ለፕሬዚዳንት ድምፅ ሰጥተን የግዛታችንን ሴናተር ስም እንኳ ሳናውቅ እንኖራለን።

የኢሊኖይ ሴናተር የሥራ ዘመን አንድ ወጥ አይደለም። በአንድ የሕዝብ ቆጠራና በሚቀጥለው መካከል ባሉት አሥር ዓመታት ወንበሩ ሁለት ጊዜ ለአራት ዓመት፣ አንድ ጊዜ ለሁለት ዓመት ይያዛል፤ የትኛው እንደሚቀድም ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። ለ13ኛው ወረዳ በ1996 የደረሰው የሁለት ዓመቱ፣ በ1998 ደግሞ የአራት ዓመቱ ነበር። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል።

በ1995 የ13ኛው ወረዳ ሴናተር አሊስ ፓልመር ነበሩ። በዚያ ዓመት የአካባቢው የኮንግረስ አባል ሜል ሬይኖልድስ በወንጀል ተከሰው ስለነበር ፓልመር ለዚያ ቦታ ለመወዳደር ቆረጡ፤ ሬይኖልድስም በኦገስት ተፈርዶባቸው በኋላ ወንበራቸውን ለቀቁ። የሚለቁት የግዛት ወንበር ደግሞ የ34 ዓመቱን ጠበቃ ኦባማን አማለለ። ኦባማ ለቺካጎ እንግዳ አልነበሩም፤ በ1985 የሰፈር አደራጅ ሆነው መጥተው፣ ሃርቫርድ ሕግ ተምረው ተመልሰው፣ በ1992 ከ100,000 በላይ አዲስ መራጮችን የመዘገበ ዘመቻ መርተዋል። በሴፕቴምበር 1995 ሃይድ ፓርክ በተባለው የቺካጎ ሰፈር በሚገኝ ሆቴል ዕጩነታቸውን ሲያሳውቁ ፓልመር አብረዋቸው ቆመው ድጋፋቸውን ሰጧቸው።

በኖቬምበር መጨረሻ በተካሄደው የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ግን ፓልመር ሦስተኛ ወጡ፤ አሸናፊው ጄሲ ጃክሰን ጁኒየር ሆኑ። ደጋፊዎቻቸው ወደ ግዛት ወንበራቸው እንዲመለሱ ፈለጉ፤ ወጣቱም ቦታውን ይልቀቅላቸው የሚል ሽምግልና ተላከ። ኦባማ እምቢ አሉ። ገንዘብ አሰባስበዋል፣ በጎ ፈቃደኞች አሰልፈዋል፣ ፊርማም አስፈርመዋል። ፓልመርም ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተው ሳለ ፊርማ ለማሰባሰብ ተሯሯጡ።

እዚህ ላይ ፊርማው ምን እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። በኢሊኖይ ስሙ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር የሚፈልግ ሰው ከወረዳው የተመዘገቡ መራጮች የድጋፍ ፊርማ ማምጣት አለበት። በዚያ ዓመት ለ13ኛው ወረዳ የሚያስፈልገው 757 ነበር። ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ 200,000 ያህል ሰው በሚኖርበት ወረዳ ሁለት የእሑድ ቅዳሴ የሚያስገኘው ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ፊርማ በተቃዋሚ ሊመረመር ይችላል። ፈራሚው የሚኖረው ከወረዳው ድንበር አንድ መንገድ አልፎ ከሆነ ይሰረዛል። በመራጮች መዝገብ ላይ ከሌለም ይሰረዛል። በፊርማው ፈንታ ስሙን ለያይቶ ጽፎ ከሆነም እንዲሁ። አስፈራሚው ራሱ ደንቡን ካላሟላ ደግሞ ገጹ በሙሉ ይወድቃል። በቺካጎ ይህን ምርመራ ሙያ አድርገው የኖሩ ሰዎች አሉ።

የኦባማ በጎ ፈቃደኞች የተወዳዳሪዎቻቸውን ወረቀት ይዘው ከመራጮች መዝገብ ጋር ስም በስም፣ አድራሻ በአድራሻ አመሳከሩ። ፓልመር ያስገቡት ከ1,500 በላይ ፊርማ ነበር፤ ሲጣራ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ውድቅ እንደሚሆን ታየ። ሌላው ተፎካካሪ 69 ፊርማ ጎደለው። ሦስተኛውና አራተኛውም በዚሁ ወንፊት አላለፉም። ፓልመር በጃንዋሪ 1996 ራሳቸውን አገለሉ፤ ኦባማም በማርች በተካሄደው የዴሞክራቶች ምርጫ ብቻቸውን ቀረቡ።

ሕግ አልተጣሰም። በችኮላ የተሞላ ፎርም ሕጉ በሚለው መሠረት ተመርምሮ ወደቀ፤ ኦባማም ተራቸውን ጠብቀው ደንቡን አሟልተዋል። ሆኖም ከአራት ዓመት በፊት ቤት ለቤት ሰው ልከው መራጭ ያስመዘገቡት እኚያው ሰው፣ አሁን የእነዚያኑ ሰፈሮች ነዋሪዎች ፊርማ እያሰረዙ ነበር። የወረዳው ሰው የሚያውቃቸውን ሴናተርና አዲሱን ወጣት አስተያይቶ የመምረጥ ዕድል አላገኘም። ይህ ያስቆጨኛል፤ ውጤቱ ከጊዜ በኋላ ስላማረ ብቻ ቁጭቴ አይቀርም።

ቀሪው ቀላል ነበር። ወረዳው ከሞላ ጎደል በሙሉ ዴሞክራት ስለነበር በኖቬምበር 1996 ኦባማ 82 በመቶ፣ በ1998 ደግሞ 89 በመቶ ድምፅ አገኙ።

በስፕሪንግፊልድ የጠበቃቸው ግን ድል አልነበረም። ሴኔቱ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር፤ የአናሳው ወገን ረቂቅ አዋጆች ከኮሚቴ ሳይወጡ ይሞታሉ። ኦባማ በእነዚያ ዓመታት የተማሩት ከሌላው ወገን ጋር ተቀምጦ መደራደርን ነው። በ1998 የወጣው፣ ሕግ አውጪዎች የሚቀበሉትን ስጦታ የሚገድበው የሥነ ምግባር ሕግ ከዚህ የተገኘ ነው። ማታ ማታ ከገጠርና ከከተማ ዳር ከመጡ ሴናተሮች ጋር በትንሽ ገንዘብ ካርታ ይጫወቱ ነበር፤ ከዚያ ጠረጴዛ ያፈሯቸው ወዳጆች በኋላ በድምፅም በድጋፍም ጠቅመዋቸዋል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በኢሊኖይ ሴኔት ድምፅ መስጫው ሦስት ነው፤ ድጋፍ፣ ተቃውሞና “አለሁ” የሚል። አንድ አዋጅ ለማለፍ ከ59ኙ የ30 ሰው ድጋፍ ስለሚያስፈልገው “አለሁ” ማለት በተግባር ከተቃውሞ ብዙ አይለይም። ኦባማ ከ4,000 ያህል ድምፅ 129 ጊዜ ይህን መርጠዋል። በ2008 ተቀናቃኞቻቸው ይህን ፍርሃት ነው ብለው ከሰሷቸው። ደንቡን የሚያውቁት ግን በረቂቁ ሐሳብ ሳይሆን በአረቃቀቁ ቅር የተሰኘ ሴናተር የሚመርጠው፣ አንዳንዴም ፓርቲው በጋራ ያቀደው ስልት እንደሆነ ያስረዳሉ። ከፊሉ ጥንቃቄ መሆኑን ግን መካድ የሚቻል አይመስለኝም።

በ2000 ኦባማ ዓይናቸውን ወደ ኮንግረስ አነሡ፤ የተገዳደሩትም ወንበሩን ይዘው የነበሩትን፣ የጥቁሮች ንቅናቄ የነበረውን የብላክ ፓንተርን የቀድሞ መሪ ቦቢ ረሽን ነበር። ረሽ በደቡብ ቺካጎ ሥር የሰደዱ ሰው ናቸው። በኦክቶበር 1999 ልጃቸው በጥይት ተመትቶ ሲሞት ሕዝቡ አብሯቸው አዘነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስለ ጦር መሣሪያ ወሳኝ ድምፅ በሴኔቱ ሲሰጥ ኦባማ ሕፃን ልጃቸው ታማባቸው ሃዋይ ቀርተው ነበር፤ አዋጁም ሳያልፍ ቀረ። ጋዜጦቹ አልማሯቸውም። በማርች ረሽ 61 በመቶ፣ ኦባማ 30 በመቶ አገኙ።

ቀደም ብዬ ልብ ይበሉልኝ ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። የኦባማ የግዛት ወንበር በ1998 ለአራት ዓመት የተያዘ ስለነበር በ2000 ለምርጫ አልቀረበም። ተሸንፈውም ሴናተር ሆነው ወደ ስፕሪንግፊልድ ተመለሱ። የሁለት ዓመቱ ዘመን ዘግይቶ ደርሷቸው ቢሆን ኖሮ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መልቀቅ ነበረባቸው፤ ያን ጊዜ ከፖለቲካ የመውጣታቸው ዕድል ሰፊ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የካርታ ጉዳይ ነው። በየአሥር ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ የምርጫ ወረዳዎች ድንበር እንደ አዲስ ይሰመራል። በኢሊኖይ ሁለቱ ፓርቲዎች መስማማት ካቃታቸው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ነገሩን ለዕጣ ይተወዋል፤ ዕጣው የወጣለት ፓርቲ ካርታውን ያሰምራል። በ2001 ዕጣው ለዴሞክራቶች ወጣ። ኦባማ ግን ቀደም ብለው በዚያ ዓመት ጸደይ ከፓርቲው የካርታ ባለሙያ ጋር ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የራሳቸውን ወረዳ ቀርጸዋል። የቀድሞው ወረዳ ከሃይድ ፓርክ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ድሆቹ ሰፈሮች ይዘረጋ ነበር። አዲሱ የሚሺጋንን ሐይቅ ዳርቻ ይዞ እንደ መቀነት ወደ ሰሜን ወጣ፤ መሀል ከተማውን አቋርጦ የቺካጎ ባለጸጎች እስከሚኖሩበት ጎልድ ኮስት ደረሰ። አብላጫው መራጭ ጥቁር ሆኖ ሲቀጥል፣ ገንዘብ ለጋሹና ጋዜጣ አንባቢው ነጭ ሊበራልም በወረዳው ውስጥ ገባ። በ2002 ኦባማ በፓርቲው ውስጥም ሆነ በኖቬምበር ተፎካካሪ አልነበራቸውም።

ያው ካርታ ሴኔቱን ለዴሞክራቶች አስረከበ። በ2003 ኤሚል ጆንስ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ኦባማ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ ተደረጉ። ጆንስ ትልልቅ ረቂቆችን ሰጧቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ ለዓመታት የለፉ ባልደረቦች ቅር መሰኘታቸው አልቀረም፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነበር። ከእነዚያ ሕጎች ውስጥ ግን አንዱ በኦባማ ድካም የተገኘ መሆኑን ማንም አይክድም። በኢሊኖይ ሞት የተፈረደባቸው 13 ሰዎች ነጻ በመውጣታቸው አገረ ገዥው ጆርጅ ራያን በ2000 የሞት ቅጣትን አግደው ነበር። አንዳንዶቹ የታሰሩት በግዴታ በተገኘ ቃል ነው። ኦባማ በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ ሰው ሲመረመር በቪዲዮ ይቀረጽ የሚል ረቂቅ ይዘው ቀረቡ። ፖሊሶችና ዐቃብያነ ሕግ ተቃወሙ። ከሁሉም ጋር ተራ በተራ ተቀምጠው፣ ቀረጻው ንጹሑን ፖሊስም ከሐሰት ክስ እንደሚጠብቀው አስረዱ፤ ሴኔቱም ያለ አንድ ተቃውሞ አሳለፈው። ኢሊኖይ እንዲህ ዓይነቱን ቀረጻ በአዋጅ ያስገደደች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ለእኔ የስምንቱ ዓመት ክብር ይህ ነው።

የ2004ቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ በማርች ሰባት ዕጩዎች በተፎካከሩበት የዴሞክራቶች ምርጫ 53 በመቶ፣ በጁላይ በቦስተኑ የዴሞክራቶች ጉባኤ ያደረጉት ንግግር፣ በኖቬምበር ለአሜሪካ ሴኔት 70 በመቶ። ቦስተን ላይ አገር ያዳመጣቸው ሰው ያን ዕለት የነበራቸው ሥልጣን የ13ኛው ወረዳ ሴናተርነት ብቻ ነበር።

በኖቬምበር 4 ወንበሩን ለቀቁ። በኢሊኖይ ሕግ እንዲህ የተጓደለን ወንበር የሚሞላው በወረዳው ያሉ የዚያው ፓርቲ ኮሚቴ አባላት ናቸው፤ እነሱም ከሄይቲ ስደተኞች የተወለዱትን ጠበቃ ኩዋሜ ራውልን ሾሙ። ራውል በጃንዋሪ 2019 የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲሆኑ ኮሚቴው እንደገና ተሰብስቦ ሮበርት ፒተርስን ሾመ። አሊስ ፓልመርም በ1991 ወደዚያ ወንበር የመጡት በሹመት ነበር። ከ1991 እስከ 2019 ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት አራት ሰዎች መካከል መጀመሪያ የገቡት በምርጫ የሆነው ኦባማ ብቻ ናቸው፤ ያም በፓርቲያቸው ውስጥ ተፎካካሪ ባልነበረበት ምርጫ።