ሰበታ ተብሎ ሲፈለግ

የምርምር ጽሑፎች በሚመዘገቡባቸው ዳታቤዞች ውስጥ «ሰበታ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ከሚመጡለት ነገሮች አንዱ ዓሣ ነው። ከተማዋ የምትታወቀው በፋብሪካዎቿ እንጂ በሐይቅ አይደለም፤ ነገር ግን የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ብሔራዊ የምርምር ማዕከል መቀመጫው እዚያ ነው። ተመራማሪዎቹ ስለ ዝዋይ ቆሮሶም ሆነ ስለ ጣና ዓሣ ሲጽፉ፣ ከስማቸው ሥር የሚሰፍረው አድራሻ ሰበታ ይላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ለይተው ያልነገሩት እንደሆነ የጸሐፊውን አድራሻና የተጠናውን ቦታ አንድ አድርጎ ያመጣቸዋል። በሰበታ የእርሻ መሬት ወደ ፋብሪካና ወደ መኖሪያ ሲለወጥ ምን እንደተጻፈ ማወቅ የፈለገ ሰው እንግዲህ መጀመሪያ ዓሣውን መልቀም አለበት። የትኛው ጥናት ከየትኛው እንደሚቀራረብ የሚያሳየው የጥናቶች ካርታ ሥራም ዕጣው በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ለቀማ ነው፤ ካርታውን መሳል ኋላ የሚመጣ፣ ይልቁንም ቀላሉ ክፍል ነው።

ሥራው ቢብሊዮሜትሪክስ ይባላል፤ በግርድፉ የኅትመት ቆጠራ ልንለው እንችላለን። ስያሜውን ያስለመደው አለን ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ነው፤ ሐሳቡ ግን ይቀድመዋል። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ ጥያቄ አነሣ። የጽሑፍ ዋቢዎች ሁልጊዜ ወደኋላ ነው የሚያዩት፤ ማን ከማን እንደወሰደ ይናገራሉ። ወደፊት ማየትስ አይቻልም ወይ? አንድ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ እነማን ጠቀሱት? መንገዱን ያገኘው ከሕግ ሰዎች ዘንድ ነበር። የአሜሪካ ጠበቆች አንድ የፍርድ ውሳኔ ኋላ በሌሎች ችሎቶች ጸንቶ ወይም ተሽሮ እንደሆነ የሚከታተሉበት መዝገብ ነበራቸው። ጋርፊልድ ያንን ለሳይንስ አዞረውና እ.ኤ.አ. በ1964 የሳይንስ ጥቅስ ማውጫውን ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዌብ ኦቭ ሳይንስ የሚባለው ዳታቤዝ የዚያ ማውጫ ልጅ ነው፤ ስኮፐስ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በነፃ የሚከፈተው ኦፕንአሌክስ ደግሞ በ2022 መጡ። ካርታውን የሚስለውን ቪኦኤስቪወር የተባለ ሶፍትዌር በሆላንድ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሠርተው በነፃ አቅርበውታል።

አሠራሩ ቁጥር ለሚፈራም አይከብድም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን የሚመለከቱ ጽሑፎች ተሰበሰቡ እንበል። ሶፍትዌሩ ከየርዕሱ፣ ከየአኅጽሮተ ጥናቱና ከቁልፍ ቃላቱ ውስጥ ሁለት ሁለት ቃል እያጣመረ በስንት ጽሑፍ አብረው እንደመጡ ይቆጥራል። «ካሣ» እና «ይዞታ» አሥር ጊዜ ከተገናኙ፣ «ካሣ» እና «ፍሳሽ» አንድም ጊዜ ካልተገናኙ፣ የመጀመሪያዎቹን ያቀራርባል፣ ሁለተኛዎቹን ያራርቃል። «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ከሁሉም ጋር ስለሚገጥም፣ መገናኘቱን በየቃሉ ድግግሞሽ መጠን ያቃልለዋል፤ አለዚያ መሐሉን እሱ ይዞት ይቀር ነበር። ሌላው ቆጠራ የዋቢ ነው። ሁለት የቆዩ ጥናቶች በሦስተኛ ጽሑፍ ውስጥ ተያይዘው ሲጠቀሱ ዝምድና ይቆጠርላቸዋል። እንዲህ እየተሰባሰቡ የሚወጡት ጎራዎች የአንድምታ መምህራንን ላይ ቤትና ታች ቤት ያስታውሳሉ፤ ሰው የየትኛው ቤት እንደሆነ የሚታወቀው ማንን ተደግፎ እንደሚናገር በማየት ነው።

ችግሩ ከስም ይጀምራል፤ በእኛ አገር ደግሞ ስም ራሱ ብዙ ነገር ነው። የአማርኛው ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ የኦሮምኛው ቁቤ ግን የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ይጽፋል፣ ረዥሙንም አናባቢ እንዲሁ። ስለዚህ አንዲት ቡራዩ በላቲን ፊደል እንደ ጸሐፊው ልማድ በተለያየ መልክ ትመጣለች፣ ለኮምፒውተሩም የተለያዩ ከተሞች ትሆናለች። ሱሉልታ ከተማም ነው ወረዳም፤ ስለ ገጠሩ ከብትና ድርቆሽ የተጻፈው ስለ ከተማው ቤት ከተጻፈው ጋር ይደባለቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስቱም በኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ገቡ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር ከተማ ተመሥርቶ ተጠቃለሉ። ከዚያ ወዲህ «ቡራዩ» የሚለው ቃል ከርዕሶች ላይ ቢሳሳ ቡራዩ ተረሳች ማለት አይሆንም። የሰዎቹም ስም እንዲሁ ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን ዳታቤዙ የአባትን ስም ከፊት ያስቀድምና የራስን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል፤ አልማዝ ተስፋዬና አበበ ተስፋዬ «ተስፋዬ አ.» ሆነው እንደ አንድ ሰው ይቆጠራሉ። ዘመን ቆጠራው ሲጨመር ነገሩ ያስቃል። እስከ እ.ኤ.አ. 2019 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ይወሰድበትና ካሣ ይከፈልበት የነበረው አዋጅ በአማርኛ 455/1997፣ በእንግሊዝኛ 455/2005 ነው፤ አንዱ ሕግ ሁለት መስሎ ይታያል። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያጣምር የነበረው ማስተር ፕላን ከተቃውሞ በኋላ የቀረው በጥር 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ዓመቱ ሳይቀየር እንደ ፈረንጅ 2008 ከተመዘገበ፣ ተማሪው ተቃውሞው ከመነሣቱ ስድስት ዓመት አስቀድሞ ስለ ተቃውሞው የጻፈ ነቢይ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተጠርቶ ካርታው ሲወጣ ምን ያሳያል? የእኔ መልስ፣ መጀመሪያ የሚያሳየው ከተሞቹን ሳይሆን የተመራማሪውን መሣሪያና ኪስ ነው የሚል ነው። የመሬት ሽፋን ለውጥን በሳተላይት ምስል ማጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ የተለመደ ርዕስ የሆነበት አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ላንድሳት ሳተላይት ምስል መላክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ ክምችቱ በነፃ የተለቀቀው በ2008 ነው። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ያገኘ ተማሪ የሰበታን ሜዳ የበርካታ አሥርት ዓመታት ለውጥ ያለ አበል ሊለካ ቻለ። መሬቱን የለቀቀው ገበሬ ከዓመታት በኋላ ምን ላይ እንደደረሰ ለማወቅ ግን ያንኑ ቤተሰብ ተመላልሶ መፈለግ ያሻል፤ ይህ ጊዜም ገንዘብም ይጠይቃል። ርቀትም አለበት። ከአየር ጤና ሰበታ፣ ከአስኮ ቡራዩ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ በታክሲ ውሎ መግባት ይቻላል፤ ስለዚህ በአንድ ጉብኝት የሚሞላ መጠይቅ ይበዛል። በካርታው ላይ አንድ ጎራ ገዝፎ ሲታይ ጉዳዩ ከሌሎቹ ይበልጣል ብሎ ከመደምደም በፊት ያንን ጥናት ርካሽ ያደረገው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

መስኩን ዕድሜ ልኩን ያነበበ መምህር ይህን ሁሉ ያለ ማሽን ያውቀዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፣ ያውቀዋል፤ ግን የሚያውቀው የራሱን ቤት ነው። የመሬት ሕግ አዋቂው የፋብሪካ ፍሳሽ ወንዙን ምን እንዳደረገ የሚያጠኑትን የሥነ ሕይወት ሰዎች ላያነባቸው ይችላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሳይተያዩ መኖራቸውን ቆጠራው በአንድ ገጽ ያሳያል። ቆጠራ ምርምርን ያበላሻል የሚለው ተቃውሞ ደግሞ ይከብዳል። የደረጃ ዕድገት በታተመ ጽሑፍ ብዛት ሲሰፈር ሰው አንዱን ጥናት ሦስት አድርጎ ይከፍለዋል። እ.ኤ.አ. የ2012ቱ የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫና የ2015ቱ የላይደን ማኒፌስቶ ያስጠነቀቁት ስለዚህ ዓይነቱ አጠቃቀም ነው፤ ሁለተኛውን የጻፉት ራሳቸው የቆጠራው ባለሙያዎች ናቸው። ነገር ግን ሰውን ደረጃ ለመስጠት መቁጠርና መስክን ለማየት መቁጠር ይለያያሉ። በካርታው ላይ ብዙ ያልተጠቀሰ ጥናት ዋጋ የለውም አልተባለም፤ ገና ማንም አልደረሰበትም ሊሆን ይችላል።

በሙሉ ልብ የምቀበለው ሦስተኛውን ተቃውሞ ነው። ዓለም አቀፎቹ ዳታቤዞች የአገር ውስጥ መጽሔቶችን በጥቂቱ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈውን ከዚያም ባነሰ ይይዛሉ። ስለ ሦስቱ ከተሞች የተጻፈው ብዙው ነገር የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ ያለውም በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና በድረ ገጽ ማከማቻቸው ነው። የእነዚህ ዋቢዎች ለኮምፒውተር በሚመች መልክ ስላልተዘጋጁ የዋቢ ካርታ ለመሳል አይሆኑም፤ ርዕሳቸውና አኅጽሮተ ጥናታቸው ግን ለቃላት ካርታ ይበቃል። መፍትሔው ሁለት ካርታ መሳል ይመስለኛል፣ አንዱን ከስኮፐስ፣ ሌላውን ከመመረቂያ ጽሑፎቹ። በመጀመሪያው ላይ ባዶ የሆነ ቦታ በሁለተኛው ላይ ሞልቶ ከተገኘ ጥናቱ አለ፣ ከመደርደሪያ አልወረደም ማለት ነው። በሁለቱም ላይ ባዶ ከሆነ ምናልባት በሌላ ስም ተጽፎ ይሆናል። ሦስተኛውና እውነተኛው ባዶ፣ ማንም ያልጠየቀው፣ እነዚህ ሁለቱ ከተጣሩ በኋላ ብቻ ነው የሚታወቀው።

ቪኦኤስቪወር ለዚህ ማጣሪያ የሚሆን ትንሽ ፋይል ይቀበላል። በአንድ ዓምድ የተለያዩት አጻጻፎች፣ በሌላው የሚተኩበት አንድ ስም ይሰፍራሉ። ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ፣ የወረዳና የዞን ስሞቻቸውን፣ የአዋጆቹን ሁለት ሁለት ቁጥር ጨምሮ፣ ፋይሉ ከጥቂት ገጽ አይበልጥም። አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ኦሮምኛና አማርኛ ከሚያነብ ተማሪ ጋር ተቀምጦ ቢሠራው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቆጣሪ ሁሉ እንደገና ከዓሣ ለቀማ አይጀምርም።