«እዚህ ቤት ስንት ሰው ያድራል?»

ዛሬ ስለ መድኃኒትና ስለ አመጋገብ ሳይሆን፣ በራችሁን አንኳኩቶ ስለሚመጣ አንድ ጥያቄ ላጫውታችሁ።

ጊዜው ግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የሚካሄድበት ሰሞን ነበር። እናቴ በምትኖርበት የቀበሌ ቤት ደጃፍ አንድ ወጣት ቆጣሪ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። እናቴ ቡና ትቆላለች። እኔም ልጠይቃት ሄጄ አጠገቧ ነኝ።

«እማማ፣ እዚህ ቤት ስንት ሰው ያድራል?»

«ሦስት» አለች ቀና ሳትል።

ልጁ ጻፈ። ያን ሌሊት እዚያ ቤት ያደሩት ግን ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና ሚስቱ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ጓዳውን የተከራየች አንዲት ተማሪ። ቆጣሪው ከሄደ በኋላ «ምነው እናቴ?» ብላት፣ «ልጅ አይቆጠርም! ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ምን እንደመጣ አታውቂም?» አለችኝ። ልጅቷን የተወቻት ደግሞ ደባል ማስገባቷ ቢታወቅ ከቀበሌ ያጣላኛል ብላ ነው።

እናቴን አልወቅሳትም። የምወቅሰው ራሴን ነው። ነርስ ሆኜ፣ ቁጥር ምን እንደሚሠራ እያወቅሁ፣ ሲኒ ይዤ ዝም አልኩ። በቅጹ መሠረት በአንድ ክፍልና በአንድ ጓዳ ሦስት ሰው ይኖራል። ይህን ያነበበ ባለሙያ «ደህና ነው፣ አልተጨናነቁም» ይላል። በእውነቱ ግን ሁለት ሕፃናት ከአራት አዋቂዎች ጋር መስኮት በሌለው ቤት አንድ አየር ይተነፍሱ ነበር። ሳንባ ነቀርሳና የሳንባ ምች እንዲህ ዓይነት ቤት ይወዳሉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በጤና ጣቢያ ያየሁት ይህንኑ ነው። ለልጁ መድኃኒት ሰጥተን፣ ወደዚያው ክፍል እንመልሰዋለን።

ቆጠራው የቤትም ነው

ብዙዎቻችን «የሕዝብ ቆጠራ» ብቻ እያልን እንጠራዋለን። ሙሉ ስሙ ግን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። ሰውን ቆጥሮ አያበቃም። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት? ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሣር? ክፍሉ ስንት ነው? ውሃው ከየት ይቀዳል? ማዕድ ቤትና መጸዳጃ አለ? በምን ይበሰላል? እነዚህን ሁሉ ይጠይቃል።

ሀገራችን እስካሁን ሦስት ጊዜ ተቆጥራለች። የመጀመሪያው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን 42 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተገኘ። ሁለተኛው በ1987 ሲካሄድ 53 ሚሊዮን ተኩል ደረስን። በ1999 ደግሞ ወደ 74 ሚሊዮን ተጠጋን፤ አዲስ አበባ ብቻዋን 2 ሚሊዮን 739 ሺህ 551 ነዋሪ ነበራት። በዚሁ ቆጠራ በአዲስ አበባ ካሉት መኖሪያ ቤቶች ከመቶ 14 ያህሉ ምንም ዓይነት መጸዳጃ እንደሌላቸው ታወቀ። አንድ ባለሥልጣን ሽንት ቤት ላስገንባ፣ የውሃ መስመር ልዘርጋ፣ ትምህርት ቤት ልክፈት ሲል መነሻው እንዲህ ያለ ቁጥር ነው። ቁጥር ከሌለ መነሻው ግምት ወይም በስብሰባ ላይ ድምፁ የጎላ ሰው ይሆናል።

አንድ ማንኪያ ወጥ

«እኛን ማንም መጥቶ አልጠየቀንም፤ ታዲያ ጥናቱ የት የተጠና ነው?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንግሥት በቆጠራና በቆጠራ መካከል የሚያካሂደው ጥናት እያንዳንዱን ቤት አያንኳኳም፤ በዕጣ የተመረጡትን ብቻ ነው የሚጠይቀው። እናንተስ የወጡን ጨው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ ትጠጡታላችሁ? አንድ ማንኪያ ይበቃል፤ ግን ወጡ በደንብ መማሰል አለበት። ዕጣው ማማሰያው ነው። ከሀብታሙም ከድሃውም፣ ከከተማውም ከገጠሩም እንዲደርስ ያደርጋል።

ከነዚህ ጥናቶች ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ቅርብ የሆነው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነው። ዋናዎቹ ዙሮች በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተካሂደዋል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ሕፃናትን ይመዝናሉ፣ ቁመታቸውን ይለካሉ፤ የቤቱን ወለልና ጣሪያም ይመዘግባሉ። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት በ1992 ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2008 ወደ 38 ወረዱ። ብዙ ቢወርድም ዛሬም የሚያሳፍር ቁጥር ነው።

ከዚሁ የ2008 ጥናት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በከተማ ለብቻው የሚጠቀምበት የተሻሻለ መጸዳጃ ያለው ቤተሰብ ከመቶ 16 ብቻ ነበር። ሌላው ከመቶ 35 ደግሞ ደህና የሚባል መጸዳጃ ቢኖረውም ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ይጋራዋል። ልዩነቱ የታወቀው ጥናቱ «አለ ወይስ የለም?» ብሎ ስላላቆመ ነው። «ከስንት ቤተሰብ ጋር ትጋራላችሁ?» ብሎም ጠይቋል።

ያልታየው ቁልፍ

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። በሥራ ዘመኔ ቤት ለቤት እየዞርን የአካባቢ ንጽሕና እንመዘግብ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደክሞኝ፣ ስምንት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ገባሁ። ጥግ ላይ ሽንት ቤት ቆሟል። «መጸዳጃ አለ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ። ለስምንቱም ቤት «አለ»።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከዚያ ግቢ አንድ ሕፃን በተቅማጥ ደርቆ ተይዞ መጣ። እናቱን «ሽንት ቤት አላችሁ አይደል?» ብላት፣ «ቁልፉ እኮ ጎረቤት ጋ ነው፤ በማጽዳት ተጣልተን ከልክለውናል» አለችኝ። ሽንት ቤቱ አለ፤ ለእሷና ለልጆቿ ግን የለም። ሕፃኑ ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያ ምልክት ግን ከእኔ ቅጽ ወደ ወረዳው፣ ከወረዳው ወደ ላይ ሄዷል። ስምንት ቤት መጸዳጃ እንዳለው ተቆጥሮ፣ ምናልባት እዚያ ሊሠራ የሚገባው ሌላ ቦታ ተሠርቷል። እኔ ቁልፉን ብጠይቅ ኖሮ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲነደፍ ከ16ቱ ፓኬጆች 7ቱ ስለ አካባቢና ስለ ቤት ንጽሕና መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በኋላም በ2002 ዓ.ም. ግድም ነርሶች በከተማ ቤት ለቤት እንዲሄዱ ሲደረግ ደስ አለኝ። ልጆቹን «ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት በሩን ከፍታችሁ እዩ» እላቸው ነበር።

አራተኛ ፎቅ

ወደ እናቴ ልመለስ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለድሃው ተስማሚ ሆነ፤ ቤቱን ለማደስ ግን አልበቃም። ጭቃው እየተናደ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ቤተሰቡ እየበዛ ሄደ። በ1996 ዓ.ም. ቦሌ ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት፣ እኛ ኮንዶሚኒየም የምንለው፣ የመጣው ከዚህ ችግር ነው። በ1997 ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ያ ምዝገባ ራሱ ትልቅ ጥናት ነበር፤ በከተማዋ ስንት ሰው ቤት እንደሚፈልግ በግልጽ አሳይቷል።

ያቀዱት ሰዎች በደንብ ያሰቡባቸው ነገሮች አሉ። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለየ። እንጀራ የምንጋግር፣ በግ የምናርድ፣ ብዙ ልብስ የምናጥብ ሕዝብ መሆናችን ታስቦ ለጋራ አገልግሎት የሚሆን ኮሙናል ተሠራ። ይህ የሰውን ኑሮ ያየ ሥራ ነው፤ ምንም እንኳ በአንዳንድ ሳይት ኮሙናሉ ለሌላ አገልግሎት ሲውል ባይም።

ወንድሜም ዕጣ ወጣለት። ቧንቧ እቤት ውስጥ፣ መጸዳጃ ለብቻ፣ ለልጆቹ የራሳቸው ክፍል። እልል አልን። ቤቱ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለውም። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ለእሑድ ቅዳሴ ብቻ፣ በመጨረሻም ለሐኪም ብቻ ትወርድ ጀመር። ሠላሳ ዓመት የከፈለችበት እድር ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ሆነ። ቡና አፍልታ የምትጠራው ጎረቤት የለም። ደም ግፊቷን ስለካላት «ቤቱ ጥሩ ነው ልጄ፤ ሰው ነው የጠፋው» ትለኝ ነበር። ካረፈች ዓመታት አልፈዋል።

ብዙ አስቤበታለሁ። ቅጹ ስለ ግድግዳዋ፣ ስለ ጣሪያዋ፣ ስለ ውሃዋ ጠይቋታል። «ደረጃ መውጣት ትችያለሽ?» ወይም «ሲያምሽ ማን ውሃ ያቀብልሻል?» ብሎ ግን አልጠየቃትም። ስለዚህ ሰፈር ሲነሣ ቤቱ ተቆጠረ፤ እድሩ አልተቆጠረም። ጥናት የጠየቀውን ያህል ብቻ ያውቃል፤ የነገሩትንም ያህል። እናቴ ሦስት ሰው ደበቀች፣ እኔ ቁልፉን ሳላይ ጻፍኩ፣ ቅጹ ደግሞ ጉልበቷን ረሳ። ሦስቱም ተደምረው ነው ቤት የሚሠሩት።

የቆጠራው ዕዳ

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ቆጠራ ግን ሲራዘም ቆይቶ በሰኔ 2011 ዓ.ም. በጸጥታና በመፈናቀል ምክንያት በምክር ቤቶቹ ውሳኔ እንደገና ተራዘመ። ከ1999ኙ ቆጠራ ማግስት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ለአቅመ አዳም ደርሷል፤ በሀገር አቀፍ ቆጠራ ግን አንድም ጊዜ አልተቆጠረም። ዕቅድ አውጪዎች የሚሠሩት በትንበያ ነው። ትንበያ በእናቴ «ሦስት» ላይ ተመሥርቶ ሲባዛ ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

ለሁላችንም የሚሆን ጥቂት ምክር ልስጥና ላብቃ። መረጃ ሰብሳቢ ሲመጣ መጀመሪያ መታወቂያውን ጠይቁ፤ ቅር ሊለው አይገባም። ከዚያ እቤት ያለውን ሁሉ ተናገሩ፤ አራሷንም፣ ገና ስም ያልወጣለትን ሕፃንም፣ የቤት ሠራተኛዋንም፣ ደባሉንም፣ አልጋ ላይ ያሉትን አያትም። ዕድሜ አትቀንሱ። የስታቲስቲክስ ሕጉ የግለሰብን መልስ ለሌላ አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል፤ ከእናንተ የሚወጣው በድምር ነው። ሽንት ቤቱ ተቆልፎ ከሆነ «ተቆልፏል» በሉ። ቅጹ ያልጠየቃችሁ ነገር ካለም፣ ለምሳሌ ደረጃ የማይወጡ አዛውንት ካሉ፣ በሰፈር ስብሰባና በወረዳው ውይይት ላይ አንሡት።

እኔም አሁን የልጅ ልጆች አሉኝ። አራት ናቸው። ይኸው ቆጠርኳቸው፤ ምንም አልሆኑም። ቆጣሪው ሲመጣ ቡናውን አፍሉለት እንጂ ሰዉን አትደብቁት።

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ ይሁን።