ሳይገነባ የተሠራ ቤት

አዳማ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ሐሳቡ ሁሉ የሚጨምረው ነገር ላይ ነው፦ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ። አዳዲ ማርያም ግን የተሠራችው በመቀነስ ነው። ጠራቢዎቹ አለቱን ዙሪያውን ቆፈሩ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ እየፈለፈሉ ገቡ። ዓምዱም መስኮቱም ሲጠርቡ የተዉት ድንጋይ ነው። አንዱ ዓምድ ቢሰበርባቸው ኖሮ ሌላ ድንጋይ አምጥተው አይተኩትም ነበር።

ቤተ ክርስቲያኗ ያለችው ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ ከመልካ ቁንጥሬ ወደ ምዕራብ ገባ ብሎ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ትውፊቱ ንጉሥ ላሊበላ ወደ ዝቋላ በመጣ ጊዜ አሠራት ይላል። ዝቋላን እኛ የአዳማ ልጆች እናውቀዋለን፤ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በግራ በኩል የሚታየን ተራራ ነው። እንደ ትውፊቱ ከሆነ ዕድሜዋ 800 ዓመት ገደማ ነው።

ከሩቅ ስታዩ ሕንፃ አትጠብቁ። ጣራዋ ከመሬቱ እኩል ነው፤ መውረድ አለባችሁ። ዙሪያዋን በከበባት መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ባሕታውያን የኖሩባቸው ትናንሽ ዋሻዎች አሉ። ውስጡ ጨለምለም ይላል፤ ዓይናችሁ እስኪለምድ ቆም በሉ። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከታች ካልሆነ በቀር ከአለቱ ተላቋል፤ አዳዲ ግን ሙሉ በሙሉ ስላልተላቀቀች ከፊል ውቅር ትባላለች።

ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ አመድ ተጠቅጥቆ የሠራው ነው። ለስላሳ ስለሆነ በእጅ መሣሪያ ይፈለፈላል። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፦ ለመጥረቢያ የተመቸ ድንጋይ ለዝናብና ለዛፍ ሥርም ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስዊዘርላንድ ድጋፍ ጥገና ተደርጎላታል። ግን እንዲህ ያለውን ድንጋይ በሲሚንቶ መለሰን እንገላገል አይባልም፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይይዝና ዙሪያውን ያለውን ድንጋይ ይበላዋል።

በዚሁ መንገድ ያሉት ጥያ በ1980፣ መልካ ቁንጥሬና ባልጪት ደግሞ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጎረቤታቸው አዳዲ ግን መዝገቡ ላይ የለችም። ስለዚህ ጥበቃው በአብዛኛው የሚወድቀው በአካባቢው ምእመናንና በጎብኚው ላይ ነው።

እና ሂዱ! ሦስቱንም በአንድ ጉዞ ማየት ትችላላችሁ። ግን አዳዲ ሙዚየም አይደለችም፣ እስከዛሬ ይቀደስባታል። ጫማ አውልቁ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ካህናቱን አስፈቅዱ። ለቲክቶክ ብላችሁ ጣራዋ ላይ አትውጡ፣ ግድግዳውንም አትፋቁ። እኛ ከተሜዎች የፈረሰን መልሶ መሥራት ለምደናል፤ ከዚህ ግድግዳ የረገፈ ድንጋይ ግን ተመልሶ አይገባም።