የተበላ ቁልፍ ቤት የቀን ገቢ ይበላል

ከማራኪ ወደ ፒያሳም ሆነ ወደ አዘዞ ለሚመላለስ ሞተር ሳይክል ወይም ባጃጅ፣ የቆመበት ሰዓት ሁሉ የከሰረበት ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያቆመው ደግሞ የሞተር ብልሽት ሳይሆን ቁልፉ የሚገባበት ትንሽ ዕቃ፣ የማስነሻው ቁልፍ ቤት ነው።

የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ ወደ 57 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። መለዋወጫ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ‹‹ጥለህ አዲስ ግዛ›› ይባልለት የነበረ ዕቃ ‹‹ይጠገን ይሆን?›› ማሰኘት ጀምሯል። ለመሆኑ ቁልፍ ቤት በቤት ውስጥ ይጠገናል? ግማሹ ይጠገናል፣ ግማሹ አይጠገንም። ልዩነቱን ያላወቀ ባለ ንብረት ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ቁልፍ ቤቱ ሁለት ክፍሎች አሉት። የላይኛው የቁልፉን ጥርስ የሚለዩ ትናንሽ የብረት ቅጠሎችን ይዟል፤ በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ መሪ የሚቆልፈው ዘንግም ከእርሱ ጋር ነው። የታችኛው የኤሌክትሪክ ክፍል ነው። ቁልፉ ሲዞር በውስጡ ያሉት የመዳብ ነጥቦች ተገናኝተው የባትሪውን 12 ቮልት ወደ መብራት፣ ክላክስና ፍሬቻ ያደርሳሉ። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ቁልፉ ሲዘጋ የእሳት መስመሩ ከሻንሲው ጋር ይገናኝና ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህም የተበላ ቁልፍ ቤት አንዳንዴ ‹‹አልነሳም››፣ አንዳንዴም ‹‹አልጠፋም›› ይላል።

ከመፍታት በፊት መመርመር ይቀድማል። ባትሪውና ፊውዙ ደህና መሆናቸው ይታይ። ከዚያ ቁልፉ ተከፍቶ መሪው ቀስ እያለ ግራና ቀኝ ይዙር። መብራቱ የሚቆራረጠው መሪው ሲዞር ከሆነ ጥፋቱ በመሪው አንገት ላይ የሚታጠፈው ሽቦ ነው፤ ቁልፍ ቤት መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። የሚቆራረጠው ቁልፉ ሲነካካ ከሆነ ግን የመዳብ ነጥቦቹ በአቧራና በእርጥበት ቆሽሸዋል ወይም ተበልተዋል።

ይህ ክፍል በቤት ይሠራል። በመጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፣ የሽቦዎቹም ቀለም በስልክ ፎቶ ይያዝ። የታችኛው ሽፋን ብዙውን ጊዜ በትናንሽ ብሎኖች ወይም በመንጠቆ የተያዘ ሲሆን፣ ውስጡ ያሉት ስፕሪንጎች ዘለው እንዳይጠፉ ሥራው በነጭ ጨርቅ ላይ ቢከናወን ይመረጣል። ነጥቦቹ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ለስለስ ተደርገው ከተፈተጉና በኤሌክትሪክ ማጽጃ ከተጠረጉ በኋላ በደንብ ይድረቁ። ተመልሶ ሲገጠም ቁልፉ በሁሉም ቦታ፣ ሲዘጋም ጭምር፣ ይፈተን። ፕላስቲኩ ከቀለጠ ግን ማጽዳት ዋጋ የለውም።

የላይኛው ክፍል ሲጠብቅ ዘይት የሚያፈሱበት አሉ። ዘይት አቧራ ስለሚሰበስብ ለጊዜው አላልቶ ቆይቶ ይብሳል። ጥቂት የተፈጨ የእርሳስ ዱቄት ይሻላል፤ ዱቄቱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ግን ወደ መዳብ ነጥቦቹ መውረድ የለበትም። ቁልፉ ሞተሩ እየሠራ የሚወጣ፣ ሌላ ቁልፍ ወይም ካቻቢቴ የሚያዞረው ከሆነ ቅጠሎቹ አልቀዋል። እዚህ ላይ ጥገና የለም፤ መቀየር ብቻ ነው። ሽቦዎቹን በቀጥታ አገናኝቶ መንዳት ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ባትሪው ሌሊቱን ሊያልቅ፣ ንብረቱም ለማንም ሌባ ክፍት ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡን ማንም ባለ ንብረት በራሱ ቁጥር ሊሠራው ይችላል። የአንድ ቀን ገቢ ከነዳጅ ወጪ በኋላ ስንት ነው? የአዲሱ ቁልፍ ቤት ዋጋ ከስንት ቀን ገቢ ጋር ይስተካከላል? የተሰረቀ ሞተርስ? ያገለገለ ሞተር የሚገዛም ሁለቱንም ኦሪጂናል ቁልፎች ይጠይቅ፤ ቁልፉን ከፍቶም መሪውን ያዙር። የሚቆራረጥ መብራት ካየ ከዋጋው ላይ መደራደሪያ አገኘ ማለት ነው።

ላለው ደግሞ ጥንቃቄው ቀላል ነው። የቤትና የሱቅ ቁልፎችን በሙሉ በአንድ ቀለበት አሥሮ በሞተሩ ላይ ማንጠልጠል ቅጠሎቹን ቶሎ ይጨርሳል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የሞተሩን ቁልፍ ለብቻው መያዝ ምንም ወጪ የለውም።