የተቆለፈ ጎማ መሪ የማይሰማው ለምንድን ነው?

ከረጅሙ በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሀዋሳ ላይ ሲጥል፣ ከጥቁር ውኃ ወደ ከተማው የሚያስገባው አስፋልት ለጥቂት ጊዜ ከወትሮው ይበልጥ ያንሸራትታል። በወራቱ የተጠራቀመው አቧራ፣ የፈሰሰው ዘይትና የጎማው ብናኝ ከውኃው ጋር ተለውሶ ስስ ቅባት ስለሚሆን ነው። ዝናቡ ከበረታ አጥቦ ይወስደዋል፤ ካፊያ ሆኖ ከቀረ ግን አደጋው ይቆያል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬኑን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት 22 ሜትሩ በከንቱ አለፈ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈጀው ርቀት የሰበቃ ኮኤፊሸንቱ 0.7 በሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ 36 ሜትር ሲሆን፣ 0.3 በሆነ አንሸራታች መንገድ ላይ 84 ሜትር ይደርሳል። የመኪናው ክብደት በዚህ ስሌት ውስጥ የለም፤ ተማሪዎቼ ይህን ለማመን ሁልጊዜ ይቸገራሉ።

ፍሬን (ቃሉን እንደ ጎማና ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣልያንኛ ወርሰነዋል) የሚያቆመው ጎማውን ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው መንገዱ ነው። እያንዳንዱ ጎማ ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኘው የሰው መዳፍ በሚያህል ስፍራ ብቻ ሲሆን፣ የሚያቆመውም የሚያዞረውም ኃይል ከእነዚሁ አራት መዳፎች ይመጣል። ፍሬን ሲረገጥ የጎማው ሽክርክሪት ከመኪናው ጉዞ በመጠኑ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ይህ ልዩነት መንሸራተት ይባላል። በአስፋልት ላይ ሰበቃው ከፍተኛ የሚሆነው መንሸራተቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። ከዚያ ካለፈ ጎማው በቅጽበት ይቆለፋል። ሰበቃው መቀነሱ አንድ ጉዳት ነው፤ የባሰው ግን አቅጣጫው ነው። በሚንሸራተት አካል ላይ ሰበቃ የሚሠራው ከጉዞው በተቃራኒ ብቻ ስለሆነ፣ የተቆለፈው የፊት ጎማ ወደ ግራም ዞረ ወደ ቀኝ መኪናው ቀጥታ መሄዱን አይተውም።

ኤቢኤስ የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚመራውን ዓይነት የጀርመኑ ቦሽ ለመርሴዲስ ኤስ-ክላስ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር። ከጎማው ጋር የሚዞር ጥርሳም ቀለበት በማግኔትና በጥቅልል ሽቦ ፊት ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስኩ ይለዋወጣል፤ በሽቦውም ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 የደረሰበት ሕግ፣ በቤተ ሙከራ የምናሳየው ያው ነው። (አዳዲስ ሴንሰሮች አሠራራቸው ቢለይም መግነጢሳዊ መሆናቸው አልቀረም።) አንዱ ጎማ በድንገት ሲዘገይ ኮምፒውተሩ ሊቆለፍ መሆኑን ይረዳና፣ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት በቫልቭ ይይዛል፣ ይለቃል፣ መልሶ ይጨምራል። ይህ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ፔዳሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሹፌር በዚህች ቅጽበት «ፍሬኑ ተበላሸ» ብሎ እግሩን ያነሳል፤ ይህ ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ነው። አጥብቆ እንደረገጠ መሪውን ማዞር ይገባዋል። ረገጥ ለቀቅ የማድረጉ የቀድሞ ትምህርት ለአሮጌዎቹ ዲኤክስ ቶዮታዎችና መሰሎቻቸው ነው።

ይሁንና ኤቢኤስ የሚያውቀው የጎማዎችን ፍጥነት እንጂ መኪናው ወዴት እንደዞረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ገበያ ላይ የዋለው የመረጋጋት መቆጣጠሪያ መሪው የታዘዘውን አቅጣጫና መኪናው በእርግጥ የሚዞርበትን ፍጥነት ያነጻጽራል። የመኪናው ኋላ ከመታጠፊያው ወደ ውጭ ከሸሸ፣ በውጭ በኩል ያለውን የፊት ጎማ ብቻ ፍሬን ያስይዘዋል። በአንድ ጎን ያረፈው ይህ ኃይል ከክብደት ማዕከሉ ርቆ ስለሚሠራ፣ በርን በእጀታው በኩል እንደምንስብ ሁሉ መኪናውን ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። በአውሮፓ ኅብረት ከኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በማናቸውም አዲስ መኪና ላይ ግዴታ ነው። በከተማችን የበዙት ባጃጆች ግን ኤቢኤስም ሆነ ይህ መሣሪያ የላቸውም።

ኮምፒውተር ሰበቃን ያብቃቃል እንጂ አይፈጥርም፤ ላለቀ ጎማ መድኃኒት አይሆንም። በጠጠር መንገድ ላይ እንዲያውም ኤቢኤስ ያለው መኪና ዘግይቶ ሊቆም ይችላል፤ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ ይከምራልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሙቀትን መቋቋም የእርሱ ሥራ አይደለም። ለዚህ ከሀዋሳ ሜዳ ወጥተን በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይ ሸለቆ እናስብ። 40 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ወደ 390 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት መጣል አለበት፤ ይህ ከ1,000 ሊትር በላይ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሁሉም በፍሬን ላይ ከወደቀ ሸራው ይግላል፣ ታምቡሩ ይሰፋል፣ ሰበቃው ይከዳል። ልምድ ያለው ሹፌር ቁልቁለቱን ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝለት የሚያደርገው ለዚህ ነው። ሸራው አንዴ ከጋለ በኋላ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ቢረገጥም፣ ኤቢኤስ የሚጠብቀው ሊቆለፍ የሚችል ጎማ አይኖርም።