ስምንት ጎን ያለው ትእዛዝ

ትራፊክ ፖሊስም መብራትም በሌለበት መስቀለኛ መንገድ መኪና የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ የቁም ምልክት። ቀይ መደብ፣ ነጭ ጽሑፍና ስምንት ጎን አለው። በአገራችን ጽሑፉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሰፍራል። ዋናው ጉልበቱ ግን ቅርጹ ነው።

በአሜሪካ የመጀመሪያው የቁም ምልክት እ.ኤ.አ. በ1915 በዲትሮይት ከተማ ሲተከል ነጭ አራት ማዕዘን ነበር፤ ጽሑፉም ጥቁር። ቅርጹን የለወጡት በ1923 የሚሲሲፒ ሸለቆ ግዛቶች የመንገድ ባለሥልጣናት ናቸው። መርሃቸው ቀላል ነበር፤ አደጋው በከፋ ቁጥር የምልክቱ ጎን ይበዛል። ጎኑ ማለቂያ የለውም የተባለው ክብ ለባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ተሰጠ። ስምንት ጎን ለቁም፣ በአንድ ጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ለማስጠንቀቂያ ተመደበ። ብርሃን የሚመልስ ቀለም ባልተስፋፋበት በዚያ ዘመን አሽከርካሪው ጽሑፉን በጨለማ ማንበብ ቢያቅተው እንኳ ከቅርጹ ይለየዋል። ከኋላ በኩል የሚያየውም ሰው ወዲያ ማዶ ያለው መኪና መቆም እንዳለበት ያውቃል።

ቀለሙ ግን ብዙ ቆየ። ፀሐይና ዝናብ የማያደበዝዘው ቀይ እስኪገኝ ድረስ ምልክቱ ለሠላሳ ዓመት ያህል ቢጫ ነበር፤ ቀይ እንዲሆን የተደነገገው በ1954 ነው። በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት ይህን ስምንት ማዕዘን ለዓለም አቀረበ፤ በቀይ ክብ ውስጥ የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ያለበትን አማራጭም ፈቀደ። ዛሬም ሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይጠቀምም። ጃፓን የተገለበጠ ቀይ ሦስት ማዕዘን ትተክላለች። እስራኤል ደግሞ በስምንት ማዕዘኑ ላይ ፊደል ሳይሆን የተዘረጋ እጅ ትሥላለች።

ሕጉ ከአሽከርካሪው የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ መቆም ነው፤ ጎማው መሽከርከሩን ማቆም አለበት፤ ፍጥነት መቀነስ ብቻ አይበቃም። የማቆሚያ መስመር ካለ እሱ ጋ፣ ከሌለ ከእግረኛ ማቋረጫው በፊት፣ እሱም ከሌለ የሚመጣውን ተሽከርካሪ ማየት በሚቻልበት ቦታ ይቆማል። ሁለተኛው ቅድሚያ መስጠት ነው። ቆሞ ወዲያው የሚፈተለክ ሰው ግማሹን ብቻ ፈጽሟል። ከቅድሚያ ስጥ ምልክት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ቅድሚያ ስጥ የሚያቆመው የሚያሳልፉት ሰው ወይም መኪና ሲኖር ነው፤ ቁም ግን መንገዱ ባዶ ቢሆንም ያቆማል። ትራፊክ ፖሊስ በቦታው ቆሞ በእጁ እለፍ ካለ ግን የእሱ ትእዛዝ ይበልጣል።

በአሜሪካ የሚያሽከረክሩ ወገኖቻችን ደግሞ አራቱም አቅጣጫ የቁም ምልክት ያለበት መስቀለኛ መንገድ በየሠፈሩ ይገጥማቸዋል። ደንቡ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይለፍ ነው፤ እኩል ከደረሱ በቀኝ ያለው ይቀድማል። «ሦስት ሰከንድ ቁም» የሚባለው የማሽከርከር አስተማሪዎች ምክር ነው፤ ለምሳሌ የካሊፎርኒያ ሕግ ሙሉ በሙሉ መቆምን ያዛል እንጂ የሰከንድ ቁጥር አያስቀምጥም። ያው ስምንት ማዕዘን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ጎን ሲዘረጋና ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች መንገዱ በአካፋይ ካልተለየ በስተቀር፣ ከፊት የሚመጣውም መኪና ሳይቀር መቆም አለበት። መንገድ በሚጠገንበት ቦታም ሠራተኛው ይህንኑ ቅርጽ በእንጨት ይዞ ያስቆማል፤ ገልብጦ ሌላውን ገጽ ሲያሳይ ቀስ ብሎ ማለፍ ይቻላል።

የቁም ምልክት ግን የማይመለከተው ሥራ አለ። መኪና በፍጥነት እየበረረ አስቸገረን ብለው ነዋሪዎች በየመንገዱ እንዲተከል ይጠይቃሉ። የአሜሪካ የመንገድ ምልክቶች መመሪያ ግን ፍጥነት ለመቀነስ ተብሎ መተከል እንደሌለበት ይናገራል። ያለምክንያት ያቆመው ምልክት የበዛበት አሽከርካሪ በእውነት አደጋ ያለበትንም መናቅ ይጀምራል። ለፍጥነት የመንገድ ጉብታ አለ።

ስለዚህ አሽከርካሪ ሆይ፣ መንገዱ ጭር ቢልም ቁም፤ ግራ ቀኝ እይ፤ እግረኛውን አሳልፍ፤ ከዚያ ሂድ። ምልክት የሚተክሉ ክፍሎችም ቅርንጫፍ የጋረደውን ይግለጡ፣ ቀለሙ የለቀቀውን ይተኩ፤ የማይታይ ምልክት ማንንም አያስቆምም።