ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመሥሪያ ቤት ዊኪ እንዴት ይነበባል?

እአአ በ2021 መጀመሪያ ዩጋንዳ በምርጫዋ ዋዜማ ኢንተርኔት ዘጋች። በ2024 መጀመሪያ በጦርነት ውስጥ ባለችው ሱዳን አገልግሎቱ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ሁለት የባሕር ሥር ገመዶች ተበጥሰው በኬንያ፣ በታንዛኒያና በጎረቤቶቻቸው ግንኙነቱ ተዳከመ።

እንዲህ ባለው ቀን የሚጎዳው ማኅበራዊ ሚዲያ የናፈቀው ሰው ብቻ አይደለም። በርካታ የረድኤት ድርጅቶች፣ ሆስፒታሎችና ኩባንያዎች የሥራ መመሪያቸውን የሚያስቀምጡት ሠራተኞች ራሳቸው በሚጽፉትና በሚያርሙት የውስጥ ድረ ገጽ፣ ማለትም በዊኪ ላይ ነው። የመድኃኒት መጠን፣ የጄኔሬተር ጥገና፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር ሁሉ እዚያ ይገኛል። ሰርቨሩ ግን ብዙ ጊዜ ያለው በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አህጉር ነው።

“ምትኬ አለን” የሚለው የተለመደ መልስ እዚህ ላይ አያዋጣም። ዊኪፒዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ የተሰኘው ሶፍትዌር በብዙ ተቋማትም ያገለግላል። የእርሱ ሙሉ ምትኬ የመረጃ ቋቱን፣ የተጫኑትን ምስሎችና ሰነዶች እንዲሁም የቅንብር ፋይሉን ይይዛል። ምስሎቹ ከመረጃ ቋቱ ውጪ በሌላ አቃፊ ስለሚቀመጡ በቀላሉ ይዘነጋሉ። ሦስቱም ቢሟሉ እንኳ ምትኬው የሚጠቅመው የፈረሰን ሰርቨር መልሶ ለማቆም ነው፤ በገጠር ክሊኒክ ያለች ነርስ ከፍታ ልታነበው አትችልም።

ለእርሷ የሚያስፈልገው የሚነበብ ቅጂ ነው። መቀመጫውን ስዊዘርላንድ ያደረገው ኪዊክስ ለዚህ የሚሆን ነፃ መተግበሪያ ያቀርባል። ገጾቹና ምስሎቹ ‘ዚም’ በተባለ አንድ ፋይል ይጠቀለላሉ፤ ፋይሉ ስልክ ላይ ይከፈታል፣ ቃል መፈለግም ይቻላል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነምስሎቹ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥቂት ሺህ ገጾች በፍላሽ ቢያዙ አያስገርምም። ራስበሪ ፓይ በተባለችው መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ላይ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት፣ በዋይፋይ ብቻ፣ ለቢሮው ሁሉ ይዳረሳል።

ከባዱ ውሳኔ ቴክኒካዊ አይደለም። የውስጥ ዊኪ የይለፍ ቃል፣ የሠራተኞች አድራሻ፣ አንዳንዴም የታካሚ መረጃ ይኖረዋል። በየኬላው ስልክ በሚፈተሽበት አካባቢ እንዲህ ያለው ቅጂ ባለቤቱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ለመስክ ሠራተኛ የሚሰጠው ተመርጦ የተቀነሰው ነው፤ ሙሉው ምትኬ ተመስጥሮ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ያረጀ የመድኃኒት መመሪያ ከጠፋው የባሰ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል በቅጂው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተዘጋጀበት ቀን በጉልህ መጻፍ አለበት።

አስተማማኙ ፍተሻ ከቴክኒክ ክፍሉ ውጪ ያለ ሠራተኛ ኢንተርኔቱ በተነቀለበት ክፍል ውስጥ አንድ መመሪያ ፈልጎ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ብዙውን ጊዜ ያኔ የሚታየው ችግር፣ ዋናው ሠንጠረዥ በዊኪው ላይ ሳይሆን በማስፈንጠሪያ ብቻ በተያያዘ ሌላ ድረ ገጽ ላይ መገኘቱ ነው።